በደቡብ ንፍቀ ክበብ ካናቢስ በሜዳ ላይ የሚዘራበት ወራትና ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባው ነገር

የዓለምን ገበያ የሚከታተል ነጋዴ ሸቀጡ የት እንደሚገኝ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚገኝም አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። በተለይም ከእርሻ የሚገኘው ሸቀጥ የጊዜ ተገዢ ስለ ሆነ፣ ዘሩ ከሚዘራበት ወር አንሥቶ ምርቱ ወደብ እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ በሚገባ ካልታወቀ ውሉም ሆነ ዋጋው በግምት ላይ የቆመ ይሆናል። በግምት የቆመ ውል ደግሞ በመጨረሻ ከሁለቱ ወገኖች አንዱን ማስከፈሉ አይቀርም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች ሕጋዊ የንግድ በር የተከፈተለት ካናቢስ የተባለው ተክል ለዚህ ነገር ግልጽ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ተክል የተጻፉት የእርሻ መመሪያዎች አብዛኞቹ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተዘጋጁ ስለ ሆኑ ዘሩ በኤፕሪልና በሜይ እንዲዘራ፣ ምርቱም በሴፕቴምበር እንዲሰበሰብ ያዝዛሉ። ይህ ትእዛዝ እንዳለ ተወስዶ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ርቀው በሚገኙት አገሮች ላይ ቢሠራበት፣ ዘሩ በብርድ መግቢያ ላይ መሬት ይገባና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። እኛም በዚህ ጽሑፍ በደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚዘራበት ትክክለኛ ወራት የትኛው እንደ ሆነ፣ ምክንያቱም ምን እንደ ሆነ፣ ይህም በንግድ ውል ላይ የሚያስከትለውን ነገር ለመግለጽ እንሞክራለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ሕጉ

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታችን ነው። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በ525ኛው አንቀጽ አደንዛዥ ዕፆችን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መነገድን በጽኑ ይቀጣል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማንንም ወደ ልማቱ የሚጋብዝ አይደለም።

ታዲያ የኢትዮጵያን ነጋዴ ምን አገባው የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ መልሱ የሚከተለው ነው። ከዚህ ተክል የሚገኘው ፍሬ በውጭ አገር ገበያ ከእኛ የቅባት እህሎች ጋር ጎን ለጎን ይሸጣል። በተለይ የእኛ ኑግ በአሜሪካና በአውሮፓ ዋነኛ ገዢዎቹ የወፍ መኖ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች መሆናቸውን ላኪዎቻችን ሁሉ ያውቃሉ። የካናቢስ ፍሬም ከጥንት ጀምሮ የወፍ መኖ ነው፤ በአሜሪካ በ1937 ስለ ካናቢስ ቀረጥ የወጣው ሕግ እንኳ ለወፍ የሚሸጠው ፍሬ እንዳይበቅል ተደርጎ እንዲሸጥ በመፍቀድ ይህን ንግድ ለይቶ አኑሮታል። ኑጋችንም ወደዚያው አገር ሲገባ በውስጡ የተቀላቀለ የአረም ዘር እንዳይበቅል በሙቀት መታከም ግዴታው ነው። እንግዲህ ሁለቱ እህሎች በአንድ ገዢ መጋዘን ውስጥ የሚገናኙ ስለ ሆኑ፣ የአንዱ ምርት ወደ ገበያ የሚገባበትን ወር ማወቅ ሌላውን ለሚሸጠው ነጋዴ ይጠቅመዋል።

አንድ ተክል፣ ሦስት ሸቀጥ

ካናቢስ በስም አንድ ይሁን እንጂ በንግድ ረገድ ሦስት ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይሰጣል። አንደኛው በውጭ አገር ሄምፕ ከተባለው ወገን ከግንዱ ልጥ የሚገኘው ቃጫ ሲሆን፣ ለገመድ፣ ለሸራ፣ ለልብስና ለወረቀት ያገለግላል። ሁለተኛው ከዚሁ ከሄምፕ የሚገኘው ፍሬ ነው፤ ከክብደቱ ከመቶ 30 እጅ ያህሉ ዘይት ስለ ሆነ ለምግብ፣ ለዘይትና ለመኖ ይፈለጋል። ሦስተኛው በሕክምና ፈቃድ የሚመረተው አበባ ነው። የሚያደነዝዘው ንጥረ ነገር ቲ.ኤች.ሲ. የሚባለው ሲሆን፣ በሄምፕ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለሕክምና በሚለሙት ብዙዎቹ ዓይነቶች ውስጥ ግን ብዙ ነው። በ1961 በኒው ዮርክ የተፈረመው ስለ አደንዛዥ ዕፆች የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ28ኛው አንቀጹ ለኢንዱስትሪ አገልግሎት ማለትም ለቃጫና ለፍሬ ብቻ የሚደረገውን ልማት ከቁጥጥሩ ውጭ አድርጎታል።

በደቡብ ንፍቀ ክበብ ይህ ንግድ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሰፍቷል። ኡራጓይ በ2013 ሕግ አውጥታ የካናቢስን ልማትና ሽያጭ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር በመፍቀድ ከዓለም አገሮች የመጀመሪያዋ ሆናለች። በአውስትራልያ የታዝማንያ ክፍለ ሀገር የሄምፕን ሕግ በ2015 አወጣች፤ ፍሬውም በመላው አውስትራልያ ለሰው ምግብ እንዲሸጥ ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ተፈቀደ። ኒው ዚላንድም በ2018 ይህንኑ አደረገች። ከአፍሪካ ደግሞ ሌሶቶ በ2017 ለሕክምና የሚሆን ካናቢስ የማምረት ፈቃድ በመስጠት ቀዳሚ ስትሆን፣ ዚምባብዌ በ2018፣ ማላዊ በ2020 ተከትለዋታል። ደቡብ አፍሪካም በ2021 ለሄምፕ አምራቾች ፈቃድ መስጠት ጀምራለች።

ወራት የሚገለባበጡበት ምክንያት

በሰሜን ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ቀን ጁን 21 ማለትም ሰኔ 14 ቀን ነው። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ግን በዚያው ዕለት ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ አጭር ይሆናል። ለደቡቡ ረጅሙ ቀን ዲሴምበር 21 ወይም 22 ማለትም ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ነው። ቀንና ሌሊት የሚተካከሉባቸው ሁለቱ ጊዜያት መስከረም 13 እና መጋቢት 12 አካባቢ ናቸው፤ በሰሜን መስከረም የሙቀቱ ወራት መውጫ ሲሆን በደቡብ ግን መግቢያው ነው። ስለዚህ በሰሜን የተጻፈውን የእርሻ መመሪያ ወደ ደቡብ ለመመለስ የመጀመሪያው ሥራ በእያንዳንዱ ቀን ላይ ስድስት ወር መጨመር ነው። ኤፕሪል ኦክቶበር ይሆናል፤ ሜይም ኖቬምበር ይሆናል፤ ሴፕቴምበርም ማርች ይሆናል።

በዚህ ላይ የእኛ ነጋዴዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ የቋንቋ ወጥመድ አለ። አውሮፓውያን ሞቃታማውን ወራት የሚጠሩበት ስም በአማርኛ ብዙ ጊዜ «በጋ» ተብሎ፣ የብርዱ ወራት ደግሞ «ክረምት» ተብሎ ይተረጐማል። ነገር ግን የአውሮፓው ሞቃት ወራት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው የእኛው ክረምት ነው። የደቡብ አፍሪካውና የአውስትራልያው ሞቃት ወራት ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የእኛው በጋ ነው። እንግዲህ ከውጭ በሚመጣ ደብዳቤ ላይ «የበጋ ምርት» የሚል ቃል ቢገኝ፣ ጸሐፊው በየትኛው ንፍቀ ክበብ እንደሚኖር ሳያረጋግጡ መተርጐም የስድስት ወር ስሕተት ያመጣል። በንግድ ደብዳቤና በውል ላይ የወቅት ስም መጻፍ ተትቶ የወሩ ስምና ቀኑ ቢጻፍ ይህ ስሕተት ከሥሩ ይነቀላል።

ተክሉ የሚጠብቀው የብርሃንን ልክ ነው

ስድስት ወር መጨመር ግን ብቻውን አይበቃም። ለካናቢስ ከሙቀት ይልቅ የሚበልጠው የቀኑ ርዝመት ነው። ይህ ተክል ቀኑ ረጅም በሆነ ጊዜ ግንድና ቅጠል ያበዛል፤ ቀኑ እያጠረ ሌሊቱ ሲረዝም ግን ማደጉን ትቶ ማበብ ይጀምራል። ዡልየን ቱርኗ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1912 በሄምፕና ጌሾን በሚመስለው የቢራ ቅመም በሆፕ ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ተክሎቹ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ብርሃን ሲያገኙ ያለ ጊዜያቸው እንደሚያብቡ ገልጦ ነበር። ቱርኗ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለ ሞተ ሥራውን ሊፈጽም አልቻለም። ጋርነርና አላርድ የተባሉት አሜሪካውያን በ1920 በትምባሆና በሌሎች ተክሎች ላይ ያደረጉትን ጥናት ባሳተሙ ጊዜ ነገሩ የታወቀ ሕግ ሆነ።

ይህን ሕግ ለኢትዮጵያ ገበሬ ማስረዳት አስቸጋሪ የሚሆነው እኛ የምንኖርበት ምድር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነ ነው። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የእኛ ገበሬ የሚጠብቀው ዝናብን ነው፤ የብርሃን ማጠርና መርዘም ብዙ አያስጨንቀውም። ከምድር ወገብ እየራቁ ሲሄዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። በታዝማንያ ዋና ከተማ በሆባርት ረጅሙ ቀን ከ15 ሰዓት በላይ ሲሆን አጭሩ 9 ሰዓት ያህል ነው፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ ማለት ነው።

እንግዲህ በደቡብ ያለው ዘሪ የሚያስበው ሐሳብ ይህ ነው። ዘሩ መሬት መግባት ያለበት አመዳዩ ካለፈና አፈሩ 10 ዲግሪ ያህል ከሞቀ በኋላ ነው፤ ደግሞም ከታኅሣሥ 12 በፊት ረጅሙን ብርሃን የሚጠቀምበት በቂ ሳምንታት እንዲያገኝ ሆኖ መሆን አለበት። በእነዚህ በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለው ጠባብ በር ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ በእኛ አቈጣጠር ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። ዋናው የመዝሪያ ወራት ይህ መሆኑን አንባቢው በቃሉ ይያዝ።

ቀድሞ መዝራትና ዘግይቶ መዝራት

አንዳንድ ዘሪ ጊዜ አተርፋለሁ ብሎ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ቢዘራ ሁለት ጉዳት ያገኘዋል። አንደኛው የብርድ ጉዳት ነው፤ በቀዝቃዛ አፈር ዘሩ ሳይበቅል ይቆይና ይበሰብሳል፣ ወይም አረም ይቀድመዋል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። በመስከረም ቀኑ ገና 12 ሰዓት ያህል ስለ ሆነ፣ ቡቃያው ወራቱ እንደ መሸ ይቈጥረውና ገና በልጅነቱ ማበብ ይጀምራል። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ደግሞ አበባውን ትቶ እንደገና ወደ ቅጠል ይመለሳል። እንዲህ የተዘበራረቀ ተክል ለቃጫም ለፍሬም አይመችም።

ዘግይቶ የዘራም እንዲሁ ይከስራል። በጥር የተዘራ ዘር ቀኑ ማጠር ከጀመረ በኋላ የሚበቅል ስለ ሆነ፣ ቁመቱ ሳይበቃ ያብባል፤ ግንዱ አጭር ሆኖ ቃጫው ያንሳል። ፍሬውም የሚደርሰው በሚያዝያ ቅዝቃዜና እርጥበት ውስጥ ይሆንና ለማድረቅ ያስቸግራል።

ከሦስቱ ሸቀጦች መካከል በመዝሪያው ጊዜ ላይ ልዩነት መኖሩን ማስተዋል ይገባል። ቃጫ ፈላጊው ረጅም ግንድ ስለሚሻ በሩ እንደ ተከፈተ ይዘራል፤ ዘሩንም አጥብቆ ይዘራል፤ ግንዱ እርስ በርሱ ተጨናንቆ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ነው። ፍሬ ፈላጊው ግን በማጨጃ መኪና የሚሰበሰብ አጠር ያለ ተክል ስለሚመርጥ ጥቂት ቢዘገይ አይጐዳም። ለሕክምና አበባ የሚያለማው ደግሞ ከሁሉ የሚፈራው የመጋቢትንና የሚያዝያን ዝናብ ነው፤ የጠበቀው አበባ ውኃ ከያዘ ግራጫ ሻጋታ ይበላዋልና። ስለዚህ ፈጥነው የሚደርሱትን ዓይነቶች ይመርጣል፤ ፀሐይ በዚያ አገር ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ወደ ሰሜን የዞረውን ተዳፋትም ይፈልጋል። በሰሜን አገር መጽሐፍ «ወደ ደቡብ የዞረ ተዳፋት ምረጥ» ተብሎ የተጻፈው እዚህ የሚያሳስት መሆኑን ልብ ይሏል።

አገር ለአገር ያለው ልዩነት

ደቡብ ንፍቀ ክበብ ሁሉ አንድ አይደለም። ነጋዴው ውል ከመግባቱ በፊት የአምራቹን አገር ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት በካርታ ላይ ማየት አለበት።

ከ40ኛው ዲግሪ በስተደቡብ የሚገኙት ታዝማንያና የኒው ዚላንድ የካንተርበሪ ሜዳ የአውሮፓን ብርሃን የሚመስል ብርሃን ስላላቸው፣ የፈረንሳይ ዘር በዚያ በደኅና ይበቅላል። አመዳዩ ግን ዘግይቶ ስለሚለቅ የሚዘሩት ብዙውን ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው።

ከ30ኛው እስከ 35ኛው ዲግሪ ባለው ክልል ኡራጓይ፣ የደቡብ አፍሪካ የኬፕ አውራጃዎች፣ የመካከለኛው ቺሌ ሸለቆዎች ይገኛሉ። በዚያ ረጅሙ ቀን 14 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ሙቀቱም ቀድሞ ስለሚገባ መዝሪያው ከመስከረም መጨረሻ ይጀምራል። ቺሌ በዚህ ነገር የቆየች አገር ናት፤ ስፓኛዎች የሄምፕን ዘር በ16ኛው መቶ ዓመት ወደዚያ ወስደው ለመርከብ ገመድ የሚሆን ቃጫ ሲያመርቱ ኖረዋል።

ሌሶቶ ምንም እንኳ 30ኛው ዲግሪ አካባቢ ብትሆን አገሩ ሁሉ ከፍተኛ ተራራ ስለ ሆነ የብርዱ ነገር ያስፈራል። አመዳዩ ዘግይቶ ይወጣል፤ ቀድሞም ይመለሳል። በዚያ የሚዘራው ሰው በሁለቱም ጫፍ የተከበበ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ተክሉን በተሸፈነ ቤት ማብቀልን መርጠዋል።

ማላዊና ዚምባብዌ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ናቸው። የማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ 14ኛው ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህ ብርሃን ለአውሮፓ ዘር ምንጊዜም አጭር ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገና ጉልበት ሳይደርስ ያብባል። በዚህ ክልል የሚሆነው የቆላውን ብርሃን የለመደ ዓይነት ወይም የብርሃንን ልክ የማይጠብቅ ዓይነት ነው። መዝሪያውም እንደ እኛ አገር በዝናብ ይወሰናል፤ ዝናቡ የሚጀምረው በኅዳር ገደማ ነው። እንግዲህ ከአውሮፓ ዘር ገዝቶ ለማላዊ አምራች የሚሸጥ ደላላ ዘሩ ጥሩ፣ መሬቱም ጥሩ ሆኖ ሳለ ምርት የማይገኝበትን ነገር እንደሸጠ ማወቅ አለበት።

የዘሩ መርከብ

አሁን ወደ ነጋዴው ዋና ጉዳይ እንመጣለን። ጥሩ ስም ያላቸው የሄምፕ ዘሮች ብዙዎቹ የአውሮፓ፣ በተለይም የፈረንሳይ ናቸው። የፈረንሳይ ገበሬ ዘሩን የሚሰበስበው በመስከረም ገደማ ነው። ይህ ዘር መበጠር፣ መድረቅ፣ መመርመር፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ማግኘትና መጫን አለበት። የታዝማንያ ገበሬ ደግሞ በጥቅምት ሊዘራው ይፈልጋል። በእነዚህ በሁለቱ ወራት መካከል የቀረው ጊዜ ለባሕር ጉዞው እንኳ አይበቃም። ስለዚህ በደቡብ የሚዘራው የሰሜን ዘር አብዛኛውን ጊዜ ባለፈው ዓመት የተሰበሰበ፣ መሬት እስኪገባ ድረስ ዓመት ያህል የቆየ ዘር ነው።

የሄምፕ ዘር ደግሞ ዘይት የበዛበት ስለ ሆነ በሙቀትና በእርጥበት ፈጥኖ ይበላሻል፤ የመብቀል ኃይሉም ይቀንሳል። በብረት ሣጥን ተዘግቶ የምድር ወገብን ሙቀት ሲያቋርጥ የከረመ ዘር፣ ከሰሜን ሲነሣ የተሰጠው የመብቀል ምስክር ወረቀት በደቡብ ሲደርስ እውነትነቱን ሊያጣ ይችላል። አስተዋይ ገዢ ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ አንደኛ ዘሩ የተሰበሰበበት ዓመት፣ ሁለተኛ ከመጫኑ በፊት ያለው እርጥበት፣ ሦስተኛ ዕቃው ከደረሰ በኋላ እንደገና የሚደረግ የመብቀል ምርመራና ውጤቱ ካነሰ ክፍያው የሚቀነስበት የውል ቃል ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የደቡብ አምራች ኅዳር 1 ቀን ዘርቶ ምርቱ በ110 ቀን ቢደርስለት የሚያጭደው የካቲት 21 ቀን ገደማ ይሆናል። የዘሩ መርከብ በወደብ መጨናነቅ ምክንያት ዘግይቶ ታኅሣሥ 22 ቀን ቢደርስ ግን ረጅሙ ቀን አልፏል። አምራቹ ያለው ምርጫ አጭርና ጥቂት ፍሬ ያለው ሰብል መዝራት ወይም ዘሩን እስከሚመጣው ጥቅምት ማቆየት ነው። ቢያቆየውም የመብቀል ኃይሉ ይቀንስበታል። በሌላ ሸቀጥ የሰባት ሳምንት መዘግየት የሰባት ሳምንት ወለድ ያስከፍላል፤ በዚህ ግን ሙሉ የዓመት ምርት ያስከፍላል። ስለዚህ ኤልሲ በተባለው የባንክ መተማመኛ ሰነድ ላይ የሚጻፈው የመጨረሻ የመጫኛ ቀን ከመስከረም ወደ ኋላ ተቈጥሮ መወሰን አለበት፤ ትእዛዙ በግንቦት ወይም በሰኔ ቢሰጥ፣ ዘሩም ቢዘገይ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ወደብ ቢደርስ ይመረጣል።

ጊዜና የሕጉ ልክ

የመዝሪያና የማጨጃ ጊዜ በሌላም በኩል ገንዘብ ይነካል። በሄምፕ ውስጥ የሚገኘው ቲ.ኤች.ሲ. ሕግ ከወሰነው ልክ እንዳያልፍ ይመረመራል። ይህ ልክ ከአገር አገር ይለያያል፤ የታዝማንያ ሕግ እስከ ከመቶ 1 እጅ ሲፈቅድ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 ጀምሮ ለገበሬዎቹ ድጎማ የወሰነው ልክ ከመቶ 0.3 እጅ ነው። ንጥረ ነገሩ አበባው እየበሰለ በሄደ መጠን ስለሚጨምር፣ በወቅቱ ያልታጨደ ሰብል ትናንት ሕጋዊ የነበረው ዛሬ ከልኩ ሊያልፍ ይችላል። ከልክ ያለፈ ሰብል ብዙ ጊዜ እንዲቃጠል ወይም በመሬት እንዲገለበጥ ይፈረድበታል። ለአምራቹ ቀድሞ ገንዘብ ያበደረ ነጋዴ በዚያን ጊዜ ብድሩን የሚያስመልስበት ነገር አይገኝም። በውሉ ውስጥ የምርመራው ቀንና ኪሳራውን የሚሸከመው ወገን ተለይቶ መጻፍ ያለበት ስለዚህ ነው።

ምርቱ ገበያ የሚገባበት ወራት

በደቡብ የሚሰበሰበው ፍሬ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ይታጨዳል። ከታጨደ በኋላ ሳይውል ሳያድር መድረቅ አለበት፤ በክምር ከቆየ ይግላል፣ ይሻግታል። ለመጋዘን የሚበቃው እርጥበቱ ከመቶ 9 እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። እንግዲህ ለመርከብ ተዘጋጅቶ የሚገኘው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ጊዜ ደግሞ የሰሜኑ ገበሬ ገና የዘራበት፣ የሰሜኑ መጋዘንም ያለፈውን ምርት እየጨረሰ ያለበት ወራት ስለ ሆነ፣ የደቡብ ሻጭ ለትኩስ ዕቃው ገበያ ያገኛል።

የኑግ ላኪዎቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። የእኛ ኑግ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ታጭዶ ከጥር ጀምሮ ወደ ገበያ ይወጣል። የሰሜኑ ሄምፕ ከጥቅምት ጀምሮ ይቀድመዋል፤ የደቡቡ ከሚያዝያ በኋላ ይከተለዋል። በሁለቱ መካከል ያለው የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት ጊዜ ለእኛ ዕቃ የተሻለ ወራት ሊሆን ስለሚችል፣ ጽዳቱንና ማሸጉን አፋጥኖ በዚያ ወራት ማቅረብ ብልህነት ነው።

ለባለ ሱቆችም የሚሆን ቃል አለን። ከውጭ በሚመጡ የምግብ ዘይቶች፣ የቁንጅና ቅባቶችና ልብሶች ላይ «ሄምፕ» የሚል ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። ልብሱ ቃጫ ብቻ ነው፤ ዘይቱና ቅባቱ ግን በጉምሩክ ጥያቄ ሊያስነሡ ስለሚችሉ፣ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንንና ጉምሩክን በጽሑፍ ጠይቆ መልስ መያዝ ይገባል። «አቅራቢው ፈቃድ አለው ብሎኛል» የሚለው ቃል በአገራችን ሕግ ፊት መከላከያ አይሆንም። የሻጩ አገር ፈቃድ የሻጩን አገር እንጂ የእኛን ወደብ አይከፍትም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን በአጭሩ ለመድገም ያህል፣ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ካናቢስ በሜዳ ላይ የሚዘራው አመዳዩ ካለፈ በኋላ ከረጅሙ ቀን በፊት፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር ሲሆን፣ የሚሰበሰበውም ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ነው። ከምድር ወገብ እየቀረቡ ሲመጡ ብርሃኑ ስለሚያጥር የዘሩ ዓይነት ይለወጣል፤ ወራቱንም ከብርሃን ይልቅ ዝናብ ይወስነዋል። የእኛ ገበሬ ጤፉን በሚያጭድበት ወር የደቡቡ ገበሬ ዘሩን እየዘራ መሆኑን የሚያስታውስ ነጋዴ፣ ደብዳቤ ሲጽፍም ሆነ ውል ሲፈርም በቀኑ አይሳሳትም። የተክሉን ቀጠሮ የሚወስነው ፀሐይ ነውና፣ ነጋዴው የመጫኛውን ቀን በዚሁ ቀጠሮ ልክ ወደ ኋላ ቈጥሮ ይወስን።